ዲስኩ ሞላ ሲላችሁ ለመሰረዝ አትቸኩሉ

ቱሉ ዲምቱ ቪዲዮ ቤት አለኝ። የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም፤ ኮንዶሚኒየም ሥር ካሉት ሱቆች አንዱ ነው። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት እቀርጻለሁ። አሁን አሁን ግን አብዛኛው ሥራዬ የድሮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ሆኗል። ከኮዬ ፈጬ፣ ከቂሊንጦ፣ ከአቃቂ፣ አንዳንዴም ከዱከም ካሴት በፌስታል ይዞ የሚመጣ ሰው አለ። ወጣት ኤዲተሮችም ላፕቶፓቸውን አዝለው ይመጣሉ። ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ጋሼ፣ ዲስክ ሞልቷል ይለኛል። ምን ልሰርዝ?»

መልሴ አጭር ነው፤ ምንም አትሰርዝ። መጀመሪያ የትኛው ዲስክ እንደሞላ፣ ለምን እንደሞላ እንወቅ። መልእክቱ ይህን አይነግርህም። «ዲስኩ ሞልቷል» ይልሃል እንጂ ሲ ይሁን ዲ፣ ቦታ አልቆ ይሁን ሌላ ገደብ ተነክቶ አይልህም። ሰው ደግሞ መልእክቱን አምኖ ትልቅ ትልቁን ፋይል ይፈልጋል። ትልቁ ፋይል ምንድን ነው? ጥሬው ቪዲዮ ነው። ማለትም ዳግም የማይገኘው።

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ከኮዬ ፈጬ መጣ። የአንድ ሰዓት ሚኒ ዲቪ (ትንሿን የዲጂታል ካሜራ ካሴት) ካፕቸር እያደረገ ነው፤ ማለትም ከካሜራው ወደ ኮምፒውተር እየገለበጠ። 19 ደቂቃ አካባቢ ሲደርስ ይቆማል፤ ዲስክ ሞልቷል ይላል። እንደገና ያስጀምረዋል። እዚያው አካባቢ ይቆማል። የሚገለብጥበትን ኤክስተርናል (ከውጭ የሚሰካ) ሃርድ ዲስክ ከፍቼ ሳየው ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። ልጁ ግን የሌላ ደንበኛ ሰርግ ጥሬ ቪዲዮ ሊያጠፋ ተዘጋጅቷል።

«የተሠራውን ወስደዋል እኮ ጋሼ፤ ጥሬውን አይፈልጉትም ብዬ ነው» አለኝ።

«ቆይ» አልኩት። «ስንት ደቂቃ ላይ ነው የሚቆመው?»

ነገሩ ያለው ደቂቃው ላይ ነው። እኛ አገር በለመድነው ፓል ሲስተም ዲቪ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም 25 ነጠላ ሥዕል ይቀርጻል። አንዱ ፍሬም ሁልጊዜ 144,000 ባይት ነው። ሥዕሉ ጨለማ ይሁን፣ ሰርገኛው እስክስታ ይምታ፣ መጠኑ አይለወጥም። ሲባዛ በሰከንድ 3.6 ሜጋባይት ይመጣል። በሰዓት 13 ጊጋ ገደማ ማለት ነው። ይህን ቁጥር በቃላችሁ ያዙት፤ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

አሁን ሁለተኛውን ቁጥር ጨምሩበት። ፋት 32 በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ዲስክ አንድን ፋይል ከ4 ጊጋ በላይ አይቀበልም። ዲስኩ ሁለት ቴራ ቢሆን፣ ሁለት ቴራውም ባዶ ቢሆን አይቀበልም። 4 ጊጋን ለ3.6 ሜጋባይት አካፍሉት። 19 ደቂቃ ከምናምን ይመጣል። ፋይሉ ድምፁን ለብቻው ደግሞ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ትንሽ ቀደም ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ዲቪ ካፕቸር ሁልጊዜ ከ18 እስከ 20 ደቂቃ መካከል እየቆመ ካስቸገራችሁ ቦታ አትፈልጉ። የዲስኩን ፎርማት እዩ። ዲስኩ ላይ በቀኝ በኩል ተጭናችሁ ፕሮፐርቲስ ስትሉ ፋይል ሲስተም የሚለው መስመር ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ኤክስተርናሉ እንዴት ፋት 32 ሆነ? ልጁን ጠየቅኩት። ቤት ውስጥ ሪሲቨር ላይ ሰክተው ድራማ ይቀዱበት ነበር። ሪሲቨሩ «ፎርማት ላድርግ?» ሲላቸው እሺ ብለዋል። ብዙ ቤት እንዲህ ነው። ለፊልም የተገዛ ዲስክ ለሥራ ይውላል፤ ለሥራ የተገዛው ቲቪ ላይ ይሰካል።

መፍትሔው ሁለት ነው። በዲስኩ ላይ ያለውን ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ እንደገና ፎርማት ማድረግ አንዱ ነው። ዊንዶውስ ብቻ ከሆነ የምትጠቀሙት ኤንቲኤፍኤስ ምረጡ። ማክ ካለው ጓደኛ ጋር የምትለዋወጡ ከሆነ ኤክስፋት ይሻላል፤ ማክ ኤንቲኤፍኤስን ያነበዋል እንጂ በራሱ አይጽፍበትም። ሁለተኛው መንገድ የዊንዶውስ ኮንቨርት የሚባለው ትእዛዝ ነው። በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት የሚጻፍ ነው፤ ፋት 32 የነበረውን ፋይሉን ሳያጠፋ ወደ ኤንቲኤፍኤስ ይቀይረዋል። ወደ ኋላ ግን አይመልስም። ሳያጠፋ ይቀይራል ቢባልም መብራት በመሃል ከሄደ የሚሆነው አይታወቅም። እኔ ኮፒ ሳልይዝ አላደርገውም።

ልጁ ያን ቀን አንድ ፋይል ሳያጠፋ ካሴቱን ጨርሶ ሄደ።

ሁለተኛው የተለመደ ጉዳይ ሲ ድራይቭ ነው። ኤዲተሩ ቪዲዮውን በሙሉ ዲ ላይ አስቀምጧል፤ ዲ ሰፊ ነው። ፕሮግራሙ ግን ቦታ የለም ይላል፣ ይንቀራፈፋል፣ ኤክስፖርት መሃል ላይ ይቆማል። ምክንያቱም ፕሪሚየርን የመሰሉ የኤዲቲንግ ፕሮግራሞች ራሳቸው የሚጽፉት ብዙ ነገር አለ፤ ቦታ ካልመረጣችሁላቸው ደግሞ የሚጽፉት ሲ ላይ ነው። እዚህ ሰፈር የማያቸው ላፕቶፖች አብዛኞቹ ሲያቸው ትንሽ ኤስኤስዲ ነው። ዊንዶውሱና ፕሮግራሙ ብቻ ግማሹን ይዘውታል።

ድምፁን ብቻ ውሰዱ። ካሜራው የቀዳው ድምፅ የተጨመቀ ከሆነ ፕሪሚየር ፈትቶ በራሱ ዓይነት እንደገና ይጽፈዋል። አንድ ሰዓት ስቴሪዮ ድምፅ ሲፈታ 1.4 ጊጋ ገደማ ይሆናል። በሁለት ካሜራ ስምንት ስምንት ሰዓት የተቀረጸ ሰርግ አስቡ። ኤዲተሩ አንድ ነገር ሳይቆርጥ፣ ፋይሉን ስላስገባ ብቻ ሲ ላይ 22 ጊጋ ሄደ። መልሱ ሲጨመርበት፣ ቅልቅሉ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ገምቱ። ሰርጉ አልቆ ተሰጥቶ፣ ፕሮጀክቱ ተሰርዞም እንኳ እነዚህ ፋይሎች ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራሉ።

ይህ ነው መጀመሪያ መጽዳት ያለበት። ፕሪሚየር ውስጥ ኤዲት፣ ከዚያ ፕሪፈረንስስ፣ ከዚያ ሚዲያ ካሽ፤ ካሽ የሚባለው ፕሮግራሙ ለራሱ የጻፈው ጊዜያዊ ፋይል ነው። ሰርዝ የሚል ምርጫ አለው። ጥሬ ቪዲዮውን አይነካም። ፕሮጀክቱን መልሳችሁ ስትከፍቱ የሚያስፈልገውን እንደገና ይሠራል፤ የሚወስድባችሁ ጊዜ ብቻ ነው። እዚያው ገጽ ላይ የካሹን ቦታ ወደ ሌላ ዲስክ መቀየር ይቻላል። ስክራች ዲስክ የሚለው ደግሞ ካፕቸር፣ ፕሪቪው (ፕሮግራሙ ለማሳያ የሚሠራው ቪዲዮ) እና አውቶ ሴቭ የት እንደሚቀመጡ ይወስናል። አዲስ ፕሮጀክት ስትከፍቱ ይህን ሳታዩ አትለፉ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለውን ሌላ የኤዲቲንግ ፕሮግራም ለምትጠቀሙ ፕሌይባክ ከሚለው ሜኑ ሥር ሬንደር ካሽ ማጥፊያ አለ፤ ነገሩ ያው ነው።

ሪሳይክል ቢንንም እዩ። ሰርዘው ሰርዘው ቦታ አልጨመረም የሚሉ ልጆች አሉ፤ ፋይሉ ቅርጫቱ ውስጥ ተቀምጧል። በነገራችን ላይ አንድ ቴራ ብላችሁ ገዝታችሁ ኮምፒውተሩ 931 ጊጋ ቢላችሁ አልተታለላችሁም። አምራቹ በ1000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024።

መታለልስ ሌላ ነው። በርካሽ የሚሸጥ ባለ አንድ ቴራ፣ ባለ ሁለት ቴራ ፍላሽና ሚሞሪ አለ። ውስጡ ያለው ግን 32 ወይም 64 ጊጋ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካ አንድ ቴራ ይላል፤ መጠኑን እንዲዋሽ ተደርጎ ነው የተሠራው። የሚያናድደኝ መዋሸቱ ብቻ አይደለም። እውነተኛው ቦታ ካለቀ በኋላም መቀበሉን አያቆምም። ፋይል ትገለብጣላችሁ፣ ስሙ ይታያል፣ መጠኑ ይታያል። ስትከፍቱት የለም። እነዚህ ነገሮች ዲስክ ሞልቷል ብለው ቢያቆሙ እንዴት ጥሩ ነበር! አንድ ቤተሰብ የልጃቸውን ክርስትና እንዲህ አጥቷል። ካሜራው ላይ ያለው ተሰርዟል፣ ፍላሹ ላይ ያለው አይከፈትም። ምንም ላደርግላቸው አልቻልኩም።

ስለዚህ ፍላሽም ሃርድ ዲስክም ስትገዙ ሥራ ሳትጀምሩበት ሙሉውን ሞክሩት። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ዲስኩን እስኪሞላ ይጽፍበታል፣ ከዚያ የጻፈውን መልሶ ያነባል። ካልተመሳሰለ ይነግራችኋል። ሰዓታት ይወስዳል፤ ሌሊት አድርጉት። ከመርካቶ ስትገዙም ሻጩን «ሞክሬ እመልሳለሁ» ብላችሁ ተስማሙ። የሚተማመን ሻጭ እሺ ይላል።

ፍሬም መዝለል ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከቦታ ጋር ይምታታል። ካፕቸር ሲያልቅ «ይህን ያህል ፍሬም ወድቋል» ይላል፣ ቪዲዮው እየዘለለ ይሄዳል፣ ድምፁ ከአፍ ጋር አይገጥምም። ልጆቹ ወዲያው አዲስ ዲስክ ልግዛ ይላሉ። አትግዙ። ዲቪ በሰከንድ 3.6 ሜጋባይት ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ደህና የሆነ የድሮ ሃርድ ዲስክም ይችለዋል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ በመሃል ሌላ ሥራ ስለሚታዘዝ ነው። አንቲቫይረሱ የሚጻፈውን ፋይል እየተከታተለ ይፈትሻል። ዊንዶውስ አፕዴት ያወርዳል። ላፕቶፑ በባትሪ ነው፣ ኃይል ቆጣቢ ላይ ነው። ዲስኩ ከመጠን በላይ ሞልቶ ፋይሉን እዚህም እዚያም እየበጣጠሰ ይጽፋል። እኔ ካፕቸር ሳደርግ ኢንተርኔቱን እነቅላለሁ፣ የካፕቸር ፎልደሩን ከአንቲቫይረስ ፍተሻ አስወጣለሁ፣ ቻርጀሩን እሰካለሁ፣ በኮምፒውተሩ ሌላ ነገር አልሠራም። ዲስኩንም አፉ ድረስ አልሞላውም።

ካሜራውን ኮምፒውተሩ ጨርሶ ካላየው ደግሞ ፋየርዋየሩን፣ ማለትም ሁለቱን የሚያገናኘውን ገመድና መሰኪያ እዩ። ሶኒ ካሜራ ላይ አይሊንክ ተብሎ ይጻፋል፤ ያው ነው። አዳዲስ ላፕቶፖች የላቸውም። የካሜራው ዩኤስቢ ለፎቶ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ በብዙዎቹ ሚኒ ዲቪ ካሜራዎች ሙሉ ጥራቱን አያስተላልፍም። እኔ ለዚህ ብቻ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ የፋየርዋየር ካርድ አስገብቼበት አስቀምጫለሁ። ዊንዶውስ 10 ላይ ካርዱ እያለ ካሜራው ካልታየ ማይክሮሶፍት ራሱ ያወጣው ሌጋሲ የሚባል የ1394 (የፋየርዋየር ሌላ ስሙ ነው) ድራይቨር አለ፤ እሱን ጫኑ። አደራ፣ ገመዱን ስትሰኩም ስትነቅሉም ካሜራው ይጥፋ። የኮምፒውተሩ በኩል ትልቁ መሰኪያ ኤሌክትሪክ ይዟል፤ ተገልብጦ ከገባ የካሜራውን መሰኪያ ያቃጥለዋል። የተቃጠለ መሰኪያ የሚሠራ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

መብራት። ዳር ሰፈር የሚኖር ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልገውም። ነገር ግን መብራት ሲሄድ ፋይሉ ላይ የሚደርሰውን ማወቅ ይጠቅማል። ብዙ የቪዲዮ ፋይል ዓይነቶች ማውጫቸውን የሚጽፉት መጨረሻ ላይ ነው። ቪዲዮው ዲስኩ ላይ አለ፤ ማውጫው ግን ስላልተጻፈ ማጫወቻው መነሻና መድረሻውን አያውቅም። አርባ ደቂቃ ካፕቸር አድርጋችሁ ፋይሉ አልከፈት ይላል፣ ቦታ ግን ይዟል። ፋይሉ ኤቪአይ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ማውጫውን መልሰው የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ካሴቱ እያለ ግን ደግሞ መቅዳት ይቀላል። ያን የቆመ ፋይል ሰርዙት፤ ይህኛው የሚሰረዝ ነው።

ቪኤችኤስ (ትልቁን የድሮ የቪዲዮ ካሴት) በዩኤስቢ መሣሪያ አስገብታችሁ ኦቢኤስ በሚባለው መቅጃ ፕሮግራም የምትቀዱ ከሆነ በኤምፒ ፎር አትቅዱ። ኤምኬቪ ምረጡ። ኤምኬቪ መብራት ቢሄድበትም እስከዚያ የተቀዳው ይከፈታል። ሲያልቅ ፋይል ከሚለው ሜኑ ሪመክስ የሚለውን ተጭናችሁ ወደ ኤምፒ ፎር ትቀይሩታላችሁ። ጥራት አይቀንስም፤ ማሸጊያው ብቻ ነው የሚቀየረው። ዩፒኤስ ካላችሁ ኮምፒውተሩን ብቻ አትሰኩበት። ዴኩንም፣ ማለትም የካሴት ማጫወቻውን ስኩ። ኮምፒውተሩ በርቶ ዴኩ ሲጠፋ የምትቀዱት ጥቁር ሥዕል ነው። የቴፑ ክርም ውስጥ ተወጥሮ ይቀራል፤ እሱ ነው የከፋው።

ቪኤችኤስን ሳይጨመቅ ልቅዳ የሚል ካለ ሒሳቡ ይህ ነው፤ በሰከንድ 20.7 ሜጋባይት፣ በሰዓት 75 ጊጋ ገደማ። አብዛኛው ሰው ይህ አያስፈልገውም ባይ ነኝ። ጥራት ሳይጎዳ የሚጨምቁ ኮዴኮች (የመጭመቂያ ዘዴዎች) አሉ፤ ቦታውን በጣም ይቀንሱታል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ችግሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ አይደለም። ሥዕሉ ላይ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ ይሰባበራል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። ሶፍትዌሩ ነው፣ ዲስኩ ነው ይላሉ። የካሜራውን ስክሪን እዩ። እዚያም ከተሰባበረ ነገሩ ከካሜራው ወይም ከካሴቱ ነው። የኛ ሰፈር አቧራ የታወቀ ነው፤ ግንባታው አላለቀም፣ በጋውን ሙሉ ነፋሱ አሸዋ ያመጣል። የካሜራው ሄድ፣ ማለትም ክሩን የሚያነበው ክፍል ይቆሽሻል። ለሚኒ ዲቪ ማጽጃ ካሴት አለ፤ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አጫውቱት፣ ሄዱን ይፍቀዋልና አታብዙት። በሽቶ፣ በጥጥ ውስጡን የሚጎረጉሩትን አይቻለሁ፤ እባካችሁ ተዉ።

ካሴቱንም ወደ ብርሃን አድርጋችሁ በመስኮቱ እዩት። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ክሩ ጠርዝ ላይ ካለ ሻጋታ ነው። በክረምት እርጥበት ያገኘው ነው። እሱን ዴክ ውስጥ አትክተቱ። ሻጋታው ዴኩ ላይ ይቀርና ቀጥሎ ወደሚገባው ካሴት ይሄዳል።

እንዲህ የምጨነቀው ጊዜው እያለቀ ስለሆነ ነው። የቪኤችኤስ ማጫወቻ ሲያመርት እስከ መጨረሻ የቆየው የጃፓኑ ፉናይ ሥራውን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ከዚያ ወዲህ ያሉን ዴኮች ያሉን ናቸው። ባለፈው አንዲት እናት ከአቃቂ የልጃቸውን ሰርግ ይዘው መጡ፣ በ1980ዎቹ የተቀረጸ። «ልጄ፣ ይሄ ሌላ ኮፒ የለውም። ቀራጩም ሞቷል» አሉኝ። ለኚህ እናት ቦታ ልቆጥብ ብዬ ጥሬውን ፋይል አላጠፋም። ተጨምቆ የተሰጣቸው ለስልክና ለቲቪ ነው። ነገ የተሻለ መሣሪያ ሲመጣ የሚያስፈልገው ጥሬው ነው።

ቦታ በእውነት ሲያልቅስ? ያልቃል፤ የኔም አልቆ ያውቃል። ያኔ ቅደም ተከተሉ አለ። መጀመሪያ ካሹ ይጥፋ። ቀጥሎ ፕሪቪው፣ ፕሮጀክቱ ተዘግቶ። ቀጥሎ የሙከራ ኤክስፖርቶች፤ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ ሁለት»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉት። ቀጥሎ ሁለት ጊዜ የተገለበጠ የካሜራ ሚሞሪ። ይህ ሁሉ ጠፍቶ ካልበቃ ጥሬውን ወደ ሌላ ዲስክ አዛውሩ። ደንበኛውን ዲስክ እንዲያመጣ ጠይቁት። አብዛኛው ሰው ሲነገረው ያመጣል፤ የማያመጣው ስላልተነገረው ነው።

እኔ ዘንድ ካሴት ይዛችሁ የምትመጡም እንደዚሁ። ለአንድ ሚኒ ዲቪ ካሴት 13 ጊጋ፣ ከዚያ ላይ ትንሽ ትርፍ አስቡና ዲስክ ይዛችሁ ኑ። ፋት 32 አለመሆኑን ቤት ሆናችሁ እዩት። ሪሲቨር ላይ የነበረ ከሆነ ንገሩኝ፤ መጀመሪያ ያለውን ገልብጠን እንቀይረዋለን። ሰኞና ማክሰኞ ሰርግ የለም፣ ዴኩ ነፃ ነው።